«ፈትነነዋል» ሲሏችሁ «በየትኛው ቦርድ ላይ?» ብላችሁ ጠይቁ

ጉለሌ፣ አዲሱ ገበያ አካባቢ ካሉት የሞባይል ጥገና ሱቆች ወደ አንዱ ገብቶ ግማሽ ሰዓት የተቀመጠ ሰው አንድ አባባል ደጋግሞ ይሰማል፦ «ሎጎ ላይ ቆሟል»። ስልኩ ይበራል፣ የአምራቹ ዓርማ ብቅ ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ግን የለም። ጠጋኙ ስክሪኑን አይነካም፤ ባትሪውንም አይወቅስም። መጀመሪያ የሚያጣራው ቺፑ ምን እንደሆነ ነው። ሚዲያቴክ ከሆነ አንድ መንገድ አለው፤ ስፕሬድትረም ከሆነ ሌላ፤ ኳልኮም ከሆነ ደግሞ ሌላ። የሞዴል ስማቸው አንድ የሆኑ ሁለት ስልኮች ውስጣቸው የተለያየ ቦርድ ሊሆን እንደሚችል ያውቃል። ለአንዱ የተሠራውን የማስነሻ ፋይል በሌላው ላይ ከጫነ ሎጎ ላይ የቆመው ስልክ ጭራሹን ሊሞት ይችላል፤ ያን ጊዜ የደንበኛውን ስልክ ከኪሱ የሚተካው እሱ ነው።

ይህን ትምህርት ያገኘው ከክፍል አይደለም፤ ከራሱ ኪሳራ ነው። ስለዚህ አይረሳውም።

አሁን ወደ አንድ መሥሪያ ቤት የርክክብ ቀን እንሻገር። በሺዎች የሚቆጠሩ ታብሌቶች፣ ራውተሮች ወይም ዲጂታል ቆጣሪዎች ደርሰዋል። ካርቶን ይቆጠራል። ሁለት ሦስቱ ተከፍተው ይበራሉ። የራሙ መጠን፣ የማከማቻው መጠን፣ የስክሪኑ ስፋት ከጨረታ ሰነዱ ጋር ይመሳከራል። ፊርማ ይፈረማል፣ ክፍያ ይለቀቃል። ጠጋኙ በመጀመሪያው ደቂቃ የሚያነሣው ጥያቄ በዚህ ሁሉ ሂደት ውስጥ ቦታ የለውም። አንድ ስልክ የሚጠግን ወጣት ሳያረጋግጥ የማይነካውን ነገር፣ ሚሊዮኖችን የሚያወጣ ኮሚቴ ሳይጠይቅ ይፈርምበታል።

ክርክሩ አጭር ነው። አንድ መሣሪያ ሲበራ ከሁሉ በፊት የሚሠራው ፕሮግራም፣ ማለትም ቡትሎደሩ፣ በኢሙሌተርም በእውነተኛ ቦርድም፣ በእያንዳንዱ የፕሮሰሰር ዓይነት ላይ አገር ውስጥ ሳይፈተን የሕዝብ ገንዘብ ሊከፈልበት አይገባም።

ከሁሉ የሚቀድመው ፕሮግራም

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ኮምፒውተር፣ ስልክ ወይም ዲጂታል ቆጣሪ ኃይል ሲያገኝ ፕሮሰሰሩ ምንም አያውቅም። ስክሪን እንዳለው አያውቅም፤ ዋናው ሜሞሪ ራሱ ገና ሥራ አልጀመረም። መጀመሪያ ፋብሪካው ቺፑ ውስጥ ያተመው ጥቂት ኮድ ይነቃል። እሱም ቀጣዩን ትንሽ ፕሮግራም ይጠራል። ያ ፕሮግራም ሜሞሪውን ያዘጋጃል፣ የሰዓት ምቱን ያስተካክላል፣ የኃይል መስመሮችን በቅደም ተከተል ይከፍታል፣ በመጨረሻም አንድሮይድን ወይም ሊኑክስን አንሥቶ ቦታውን ይለቅለታል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሰከንዶች ያልቃል። በኮምፒውተርና በሰርቨር ላይ ግረብ፣ በታናናሽ መሣሪያዎች ላይ ደግሞ ዩ-ቡት በሰፊው የሚታወቁ ቡትሎደሮች ናቸው።

ሌላ ሶፍትዌር ቢበላሽ ማሽኑ በርቶ ስለሚገኝ ከሩቅ ሆኖ ማስተካከል ይቻላል። ቡትሎደር ሲበላሽ ግን ኔትወርክ የለም፣ ስክሪን የለም፣ ስሕተቱን የሚናገር ሪፖርት የለም። ያልተነሣ ማሽን አቤት አይልም። የግድ ሰው ሄዶ፣ ከፍቶ፣ ገመድ ሰክቶ ሊያነቃው ይገባል። አንዱ ማሽን ጉለሌ፣ ሌላው መተማ፣ ሦስተኛው ጎዴ ከሆነ ያ ሰው ማነው? ስንት ቀን ይፈጅበታል? አበሉን ማን ይከፍላል?

ዓለም ይህን በቅርቡ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ ያሰራጨው አንድ የተበላሸ ፋይል 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ማሽኖችን ጣለ። ጥፋቱ የቡትሎደር አልነበረም። ኩባንያው የተበላሸውን ፋይል የመለሰው ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ነበር። ችግሩ ግን ማሽኖቹ እየወደቁ መልሰው ስለሚነሡና ስለሚወድቁ ብዙዎቹ መፍትሔውን መቀበል አለመቻላቸው ነው። ባለሙያ በየቢሮው እየዞረ አንድ በአንድ በእጁ አነቃቸው። አውሮፕላኖች ቀሩ፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ። በሀብታሞቹ አገሮች በየሕንፃው ባለሙያ እያለ እንዲህ ከሆነ፣ ባለሙያው የሚገኘው ከወረዳው መቶ ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሆነበት አገር ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አይከብድም።

ፓስተር ያስተማረው

ጉለሌ ለዚህ ክርክር የሚሆን የራሱ ምስክር አለው። ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ፓስተር» የሚለው ግቢ፣ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ እዚሁ ነው ያለው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወሬ ከቻይና መሰማት ሲጀምር የተጠርጣሪዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ምርመራው እዚሁ ጉለሌ ተጀመረ። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ ሲደረግ አገሪቱ በራሷ ቤተ ሙከራ መመርመር ችላ ነበር። ቀኖችን የሚፈጅ ጥበቃ ወደ ሰዓታት ወረደ።

በሕክምና ቤተ ሙከራ ውስጥ አንድ ጥሩ ልማድ አለ። አዲስ የምርመራ ኪት ሲገባ «አምራቹ ፈትኖታል» ተብሎ በቀጥታ ለበሽተኛ አይውልም። ውጤቱ አስቀድሞ በሚታወቅ ናሙና ይሞከራል። የአምራቹ ወረቀት እውነት ቢሆንም፣ ኪቱ መንገድ ላይ ሙቀት መትቶት ይሆናል፤ እዚህ ያለው ማሽን እዚያ ካለው ይለይ ይሆናል። ይህ አምራቹን መስደብ አይደለም፤ ሥራ ማወቅ ነው። ለደም ናሙና የተፈቀደው ጥንቃቄ ደሙን ለሚመረምረው ማሽን ማስነሻ ፕሮግራም ለምን ይነፈጋል?

ከፓስተር ቀና ብሎ ወደ እንጦጦ ያየ ሰው ሁለተኛውን ምስክር ያገኛል። ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን ኢቲአርኤስኤስ-1ን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ታይዩዋን ስታመጥቅ፣ መቆጣጠሪያና መረጃ መቀበያ ጣቢያው የተተከለው በእንጦጦው የሕዋ ምርምር ማዕከል ነው። 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን ያቺ ሳተላይት አንዴ ከወጣች በኋላ ወጥቶ ቁልፏን የሚጫን ሰው የለም። በዚህ የተነሣ በሕዋ ምሕንድስና ዘንድ የተለመደ ሥርዓት አለ፤ ወደ ላይ ከሚሄደው ኮምፒውተር ጋር የሚመሳሰል መንትያ ቦርድ ምድር ላይ ይቀራል፤ አዲስ ሶፍትዌር ወደ ሳተላይቱ ከመላኩ በፊት መንትያው ላይ ይሞከራል። አንድ ሩቅ ቀበሌ ያለ ታብሌት ከሳተላይት ምን ያህል ይሻላል? በክረምት መንገድ ሲቆረጥ ልዩነቱ ብዙ አይደለም።

ኢሙሌተር፦ የሚያሳየውና የሚሸሽገው

ስለ ኢሙሌተር ሁለት ዓይነት ስሕተት አለ። አንዱ ወገን ይንቀዋል፤ ሌላው ያመልከዋል።

ለሚንቁት። ፋብሪስ ቤላር የተባለው ፈረንሳዊ ፕሮግራመር እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው ኪውኢሙ የተሰኘ ፕሮግራም በአንድ ተራ ላፕቶፕ ውስጥ የሌላ ማሽን ምስል ይፈጥራል። ላፕቶፑ የኢንቴል ይሁን እንጂ በውስጡ የስልኮቹ ዓይነት አርም፣ የአሮጌ ራውተሮቹ ዓይነት ሚፕስ፣ አዲሱና ክፍት የሆነው ሪስክ-ፋይቭ ሁሉ ይነሣሉ። ዋጋው ባዶ ነው። አምስት ኪሎ የሚማር ተማሪ አይቶት የማያውቀውን ቦርድ ቡትሎደር በዚህ ሊያሠራ ይችላል። ከዚህም በላይ እውነተኛ ቦርድ የማይፈቅደውን ይፈቅዳል፤ ፕሮሰሰሩን በፈለጉት ትእዛዝ ላይ አቁሞ ሆዱን ማየት፣ ያንኑ ስሕተት መቶ ጊዜ በትክክል መድገም፣ ኮዱ በተለወጠ ቁጥር ሁሉንም ዓይነት ማሽን ማታ አስነሥቶ ጠዋት ውጤቱን ማንበብ ይቻላል። የዩ-ቡት አዘጋጆች ኮዳቸው ላይ ለውጥ ሲገባ በዚህ መንገድ ያጣሩታል። ስለዚህ «መሣሪያ የለንም» ብሎ ምንም ያልሞከረ ተቋም ምክንያት የለውም።

ለሚያመልኩት። ኢሙሌተር ደግ አስተማሪ ነው፤ ብዙ ስሕተት ያልፋል።

አንደኛ፣ ሜሞሪ። በእውነተኛ ቦርድ ላይ ቡትሎደሩ የሜሞሪ ቺፑን ከባዶ አንሥቶ፣ ፍጥነቱን ለክቶ፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር ማስማማት አለበት። ከባዱ ሥራ ይህ ነው። በኪውኢሙ ውስጥ ግን ሜሞሪው ከመጀመሪያዋ ቅጽበት ጀምሮ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል። ስለዚህ ብዙ መሣሪያ የሚገድለው የኮዱ ክፍል ጨርሶ አይፈተንም። አምራቹ ርካሽ ሜሞሪ አግኝቶ በሁለተኛው ዙር ምርት ላይ ቢለውጥ ኢሙሌተሩ ስለዚህ የሚያውቀው ነገር የለም።

ሁለተኛ፣ መሸጎጫ። ፕሮሰሰር መረጃን በቅርቡ በሚያስቀምጥበት ካሽ በሚባለው ቦታ ይዞ ወደ ዋናው ሜሞሪ ሳይጽፈው ሊቆይ ይችላል። ቡትሎደሩ «አሁን ጻፈው» ብሎ ማዘዝ ከረሳ በእውነተኛ ቦርድ ላይ የተበላሸ ኮድ ይነሣል። ኪውኢሙ ይህን መሸጎጫ ስለማይኮርጅ ስሕተቱ አይታይም።

ሦስተኛ፣ ቅደም ተከተል። የኢንቴል ዓይነት ፕሮሰሰሮች መረጃ የሚጽፉበትን ተራ በጥብቅ ይጠብቃሉ፤ አርም ግን ላላ ይላል። በኢንቴል ላፕቶፕ ላይ የሚሠራ ኢሙሌተር ውስጥ ያለፈ የአርም ኮድ፣ እውነተኛ አርም ላይ ከሺህ አንድ ጊዜ ሊወድቅ ይችላል። ከሺህ አንድ ጊዜ የሚወድቅ መሣሪያ መቶ ሺህ ሲሆን፣ አንዴ ሁሉም ሲበሩ መቶው አይነሡም ማለት ነው።

አራተኛ፣ የቦርድ ካርታ። የቢሮ ኮምፒውተሮች ስለ ራሳቸው ክፍሎች ለሶፍትዌሩ የሚነግሩበት የተለመደ መንገድ አላቸው። አብዛኞቹ ትናንሽ የአርም መሣሪያዎች ግን የትኛው ክፍል በየት አድራሻ እንዳለ የሚገልጽ ዲቫይስ ትሪ የሚባል ፋይል ያስፈልጋቸዋል። ኢሙሌተሩ ለራሱ ምናባዊ ቦርድ ትክክለኛውን ካርታ ራሱ ያዘጋጃል። ለተገዛው ቦርድ የተጻፈው ካርታ ትክክል ይሁን አይሁን የሚታወቀው በዚያው ቦርድ ላይ ብቻ ነው።

አምስተኛ፣ የቁጥር አጻጻፍ። 3/4 ተብሎ የተጻፈ ቀን ለአንዱ ሦስተኛው ቀን፣ ለሌላው ሦስተኛው ወር ነው። ፕሮሰሰሮችም እንዲሁ ናቸው፤ አንዳንዶቹ የቁጥርን ትልቁን ክፍል አስቀድመው ያስቀምጣሉ፣ ሌሎቹ ትንሹን። ይህ ስሕተት ኢሙሌተር ጥሩ አድርጎ የሚያጋልጠው ነው፤ ነገር ግን የሚያጋልጠው በሁለቱም ዓይነት ላይ ለሞከረ ሰው ነው። ባለው ላፕቶፕ ላይ ብቻ ሞክሮ «ሠርቷል» ያለ ሰው አያገኘውም።

በኢሙሌተር ብቻ ያለፈ ቡትሎደር የጽሑፍ ፈተናውን ብቻ አልፎ መንጃ ፈቃድ እንደተሰጠው ሾፌር ነው። የመንገድ ምልክቱን ሁሉ ያውቃል። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደውን ቁልቁለት ግን ገና አላየውም። በአንድ ቦርድ ብቻ የሞከረ ደግሞ አንድ መንገድ ብቻ ያወቀ ሾፌር ነው። ሁለቱም ፈተና ያስፈልጋል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

መብራት ሲሄድ

የውጭ አገር ፈተና የማይመልሰው አንድ ጥያቄ አለ፤ የአዲስ አበባ ነዋሪ ሁሉ የሚያውቀው ጥያቄ ነው። መሣሪያው ራሱን እያዘመነ ሳለ መብራት ቢሄድስ?

አዲሱ ቡትሎደር በአሮጌው ላይ እየተጻፈ ነው። ግማሹ ተጽፏል። መብራት ጠፋ። አሮጌው ጠፍቷል፣ አዲሱ አልተሟላም። መሣሪያው ከዚያ ቀን ጀምሮ ጡብ ነው። የዚህ በሽታ መድኃኒት የታወቀ ነው፤ ሁለት ቅጂ ማስቀመጥ፣ አንዱን ሳይነኩ ሌላውን መጻፍ፣ አዲሱ ደጋግሞ ካልተነሣ ወደ አሮጌው መመለስ። ዩ-ቡት ስንት ጊዜ ሞክሮ እንዳልተሳካለት የሚቆጥርበት ስልት አለው። ነገር ግን ስልቱ መኖሩ አንድ ነገር፣ በተገዛው መሣሪያ ላይ በርቶ መገኘቱ ሌላ ነገር ነው።

ፈተናውም ውስብስብ አይደለም። በኢሙሌተሩ ላይ ዝመናው በእያንዳንዱ የጽሑፍ እርምጃ ላይ ይቆረጣል፤ ከዚያ ይነሣል ወይስ አይነሣም ይታያል። በእውነተኛው ቦርድ ላይ ደግሞ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ ተደርጎ ሌሊቱን ሙሉ ኃይሉ በተለያየ ቅጽበት ይቋረጣል። እውነተኛው ቦርድ የሚያስፈልገው የማከማቻ ቺፑ «ጽፌያለሁ» ብሎ መልሶ ገና በራሱ መሸጎጫ ይዞት ሊሆን ስለሚችል ነው። እንዲህ ያለውን ውሸት ኢሙሌተር አይዋሽም፤ ቺፑ ግን ይዋሻል። መብራት በማይጠፋበት ከተማ የሚሠራ አምራች ይህን ፈተና ቢዘነጋው አይፈረድበትም። ያልዘነጋ ገዢ መኖር ነበረበት።

በዓለም የሆነው

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 መጨረሻ ግረብ ላይ «ቡትሆል» የተባለ ከባድ የደኅንነት ቀዳዳ መገኘቱ ይፋ ሆነ። ሬድ ሃት የተሰኘው ትልቅ የሊኑክስ ኩባንያ ማስተካከያውን ወዲያው ለቀቀ። ማስተካከያውን የጫኑ ብዙ ሰርቨሮች ግን አልነሡም። ቀዳዳውን የሚደፍነው መድኃኒት በሽተኛውን አልጋ ላይ አስቀረው። ሬድ ሃት ገንዘብም ሰውም የሌለው ድርጅት አይደለም። በቡትሎደር ዓለም «እነሱ ፈትነውታል» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚያስተማምን ከዚህ በላይ ማሳያ አያስፈልግም።

ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024፣ ባይናርሊ የተባለ ተመራማሪ ድርጅት ሌላ ጉድ አወጣ። የታወቁ አምራቾች ከ200 በሚበልጡ የኮምፒውተር ሞዴሎች ላይ ማስነሻውን የሚጠብቅ ቁልፍ አድርገው ያስገቡት፣ ለሙከራ ብቻ የተሠራና በላዩ ላይ «አትመኑት» ተብሎ በግልጽ የተጻፈበትን ቁልፍ ነበር። ጽሑፉን ያነበበ አልነበረም። ማሽኖቹ ተመርተው፣ ተፈትነው፣ ተሸጠው፣ በየቢሮው ተቀምጠው ነበር። አንድ ገዢ ተቋም ከመረከቡ በፊት ቁልፉን አውጥቶ ቢያነብ ኖሮ፣ የሚፈጅበት የደቂቃዎች ሥራ ነበር።

የተለመዱት ሰበቦች

«አምራቹ ፈትኖታል» ለሚለው መልሱ ከላይ ተሰጥቷል። የቀሩት አራት ናቸው።

«የቻይና ወይም የአሜሪካ ኮድ ነው፣ አይሰጡንም» ይባላል። ግማሹ ሐሰት ነው። ዩ-ቡት፣ ግረብና የሊኑክስ ከርነል የተለቀቁት ጂፒኤል በሚባለው ፈቃድ ነው። በዚህ ፈቃድ መሠረት እነዚህን ፕሮግራሞች በመሣሪያ ጭኖ የሚሸጥ ድርጅት ኮዱን ለገዢው የማቅረብ ግዴታ አለበት። ኮዱን መጠየቅ ልመና ሳይሆን መብት ነው። ግማሹ ግን እውነት ነው፤ በብዙ ስልኮችና ታብሌቶች ላይ የመጀመሪያው የማስነሻ ክፍል ዝግ ነው። ለዝጉ ክፍል የሚጠየቀው ኮድ አይደለም፤ ማገገሚያ ፋይሉ፣ የሚጫንበት መሣሪያና ለፈተና የሚሆኑ ትርፍ ቦርዶች ናቸው። እነዚህን የማይሰጥ ሻጭ መሣሪያ አልሸጠም፤ አከራይቷል።

«የደኅንነት ጉዳይ ስለሆነ በምስጢር መያዝ አለበት» ይባላል። ቁልፍ በምስጢር ይያዛል፤ የፈተና ውጤት ግን አይደለም። «ይህ ሞዴል በዝመና መሀል 500 ጊዜ ኃይል ተቋርጦበት ሁሌም ተነሥቷል» የሚል ወረቀት ለጠላት የሚጠቅመው ነገር የለም። ለአገልግሎት ጥራት የሚጠይቅ ዜጋ ግን ይጠቅመዋል።

«ገንዘብና ባለሙያ የለም» ይባላል። ኢሙሌተሩ ነፃ ነው። ለእያንዳንዱ ሞዴል ሁለት ትርፍ ቦርድ፣ የሲሪያል ገመድ፣ ኃይል የሚቆርጥ ማብሪያና አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ይህ ሁሉ ከሺህ መሣሪያ ግዢ አጠገብ ሲቀመጥ የሚታይ ወጪ አይደለም። ባለሙያውም አለ። ከአምስት ኪሎ በየዓመቱ የሚመረቁት የኤሌክትሪካልና የኮምፒውተር መሐንዲሶች አሉ። አዲሱ ገበያ ያሉት ጠጋኞች አሉ። የሌለው ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ የሚያስቀምጥ ኃላፊ ነው።

«አገር ዳቦ እያጣች ስለ ቡትሎደር ይወራል?» የሚልም አይጠፋም። ይህ ክርክር የሚያምረው የአገልግሎት መስኮት ላይ ቆሞ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ሰው ሲናገረው ነው። የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ የመንግሥት አገልግሎት ወደ መሣሪያ እየገባ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የእናቶችን መዝገብ ከወረቀት ወደ ታብሌት አዛውራለች። የመብራት ክፍያ ወደ ካርድና ወደ ዘመናዊ ቆጣሪ ገብቷል። የፋይዳ መታወቂያ ምዝገባ የሚካሄደው በመሣሪያ ነው። የእነዚህ ሁሉ የመጀመሪያ ሰከንድ የቡትሎደር ሰከንድ ነው። በገጠር ቀበሌ ያለችው ሠራተኛ ታብሌቷ ሎጎ ላይ ሲቆም ያን ቀን የሚቀረው «ቴክኖሎጂ» አይደለም፤ የነፍሰ ጡሯ ቀጠሮ ነው።

የመጋዘን ጉዳይም አለ። ለአራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከመቶ ሺህ በላይ ታብሌቶች ተገዝተው ነበር፤ ቆጠራው ደግሞ ተደጋግሞ ተራዘመ። በየትኛውም ተቋም እንዲህ የተቀመጠ መሣሪያ ሲወጣ «አዲስ ነው፣ ካርቶኑ አልተከፈተም» ማለት አይበቃም። የውስጥ ሰዓቱ ኃይል ካጣ ቀኑን ወደ ኋላ ሊመልስ ይችላል፤ ቀኑ የተሳሳተ መሣሪያ የደኅንነት ማረጋገጫዎችን «ገና ነው» ወይም «አልፎበታል» ብሎ ሊጥል ይችላል። ተቀምጦ የቆየ መሣሪያ ከመሰራጨቱ በፊት እንደ አዲስ መፈተን ያለበት ለዚህ ነው።

እንዲደረግ የሚያስፈልገው

1. የጨረታ ሰነድ ላይ ከራምና ከስክሪን በላይ አንድ ገጽ ይጨመር፦ የፕሮሰሰሩ ዓይነት፣ የቡትሎደሩ ስምና ሥሪት፣ ኮዱ ክፍት የሆነው ክፍል፣ የማገገሚያው ፋይል፣ የቁልፎቹ ባለቤት ማን እንደሆነ።

2. ክፍያ ከፈተና ጋር ይታሰር። መጀመሪያ በኢሙሌተር፣ ቀጥሎ በናሙና ቦርድ፣ በመጨረሻም ከየዙሩ ምርት በዕጣ በተነሡ መሣሪያዎች ላይ። በመጀመሪያው ዙር ያለፈ መሣሪያ ለሁለተኛው ዙር ዋስትና አይሆንም።

3. የኃይል መቋረጥ ፈተና ግዴታ ይሁን። በዝመና መሀል መብራት ሲጠፋ የማይተርፍ መሣሪያ ለዚህ አገር አልተሠራም።

4. የቦርድ መደርደሪያ ይኑር። መንግሥት ከሚገዛው ከእያንዳንዱ ሞዴል ሁለት ሁለት እየተቀመጠ፣ ዝመና በመጣ ቁጥር ከሕዝብ በፊት በዚያ የሚሞከርበት አንድ ክፍል ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ለቴሌኮም መሣሪያዎች የዓይነት ማረጋገጫ እንደሚሰጥ ሁሉ፣ ለማስነሻ ሶፍትዌርም የሚፈርም አካል መኖር አለበት። ቦታ ከተፈለገ ጉለሌ ይመቻል፤ ፓስተር ከታች፣ እንጦጦ ከላይ፣ ዩኒቨርሲቲው ከጎን፣ ጠጋኞቹ አዲሱ ገበያ።

5. ውጤቱ ይታተም። የወደቀ ሞዴል ስሙ ይነገር። የአንዱ መሥሪያ ቤት ኪሳራ ለሌላው ትምህርት ካልሆነ ያው ኪሳራ ሁለት ጊዜ ይከፈላል።

ይህ ሁሉ የማይቻል የሚመስለው ሰው ወደ አዲሱ ገበያ ይመለስ። ጠጋኙ አንድ መሳቢያ ውስጥ የሞቱ ቦርዶችን አከማችቷል። አዲስ ፋይል ሲያገኝ ደንበኛው ስልክ ላይ ከመጫኑ በፊት በእነሱ ላይ ይሞክረዋል። የመንግሥት ተቋማት የሌላቸው ያ መሳቢያ ነው። እሱ የሚጠነቀቀው በአንድ ስልክ ዋጋ ስለሚጠየቅ ነው። መቶ ሺህ መሣሪያ የሚረከብ ኮሚቴ ግን መሣሪያው ባይነሣ ከኪሱ የሚከፍለው የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ የሚጮኸው ክፍያው ተለቅቆ፣ ዋስትናው አልቆ፣ መሣሪያው በየወረዳው ከተበተነ በኋላ ነው።

በርክክብ ኮሚቴ ውስጥ ወንድም፣ እኅት ወይም ወዳጅ ያለው ሰው ይህን ይላክለት። ከፊርማው በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ከአራት ቃላት አይበልጥም፦ በየትኛው ቦርድ ላይ ተፈተነ?